የመጋዘኑ ግርድ

ፈንታነሽ የእናቴ አክስት ናት። እኔ ሳውቃት ገሳይ ላይ ከእህቷ ልጆች ጋር የምትኖር፣ ጠይም፣ ረዘም ያለች ባልቴት ነበረች። የሁለቱም እጆቿ ቆዳ እስከ አንጓዋ ድረስ ተጨማዶ ያብረቀርቃል። ስለ ጣሊያን ዘመን ብትጠየቅ አትቆጣም፣ አታለቅስም፤ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሁሉ በአንድ ድምፅ ትናገራለች። እሷ ያልነገረችኝን ደግሞ የሥራ ጓደኛዋ ከነበረችው ከከድጃ ሰማሁ።

በ1930 ዓ.ም. መባቻ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ከተማ ዳር፣ ከባሏ ከደምሴና ከእናቱ ከእማማ አሰለፈች ጋር ትኖር ነበር። ልጅ የላቸውም፤ አንድ ተወልዶ ኩፍኝ ወስዶታል። ደምሴ ገበሬ ነው። የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አገሩ በጣሊያን ላይ ተነሣ፤ እሱም ከጣራው ሥር የሸሸገውን ጠመንጃ አውጥቶ ወደ ጉና ወጣ። ሲሄድ ምን እንዳላት ጠይቄያታለሁ።

«በሬዎቹን ውኃ አጠጫቸው አለኝ» አለች። ሌላ ነገር ብሎ እንደሆነ ደግሜ ብጠይቃትም ያው ነበር መልሷ።

ኅዳር ላይ ሞተ። ወሬውን ያመጣው ይማም የሚባል የበግ ነጋዴ ነው፤ ከጉና በጎች እየነዳ ሲወርድ በጓሮ በኩል ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። ደምሴን ጥይት አግኝቶታል፤ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል። ፈንታነሽ በዚያ ሰዓት ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሰምታ ስታበቃ ቅንጠሳዋን ጨረሰች፣ አጠበችው፣ ጣደችው። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው መደቡ ላይ ተደፉ። ድምፅ ማውጣት አይቻልም ነበር። ለሽፍታ ያለቀሰ ይገረፋል፣ ቤቱም ይቃጠላል ተብሎ ቅዳሜ ገበያ ላይ አዋጅ ከተነገረ ቆይቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ ማንም ግን መጥቶ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላላትም። ፀጉሯን አልተላጨችም፣ ልብሷን አልለወጠችም።

«ቢፈቀድ ኖሮ ታለቅሺ ነበር?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«እንጃ» አለች። «ደረቴ ውስጥ ጭድ የተጎሰጎሰ ነበር የሚመስለኝ። አይሞቅ፣ አይበርድ።»

ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች መጥተው ሁለቱን በሬዎች ለሥጋ ነዱ። የታጨደውን ገብስ ከነክምሩ አቃጠሉት። ቤቱ ባዶውን ቀረ። ጣሊያኖቹ እህል የሚያበጥሩ ሴቶች ይፈልጋሉ ሲባል ፈንታነሽ ሰፌዷን በብብቷ ሸጉጣ ሄደች። የባሏ ገዳዮች ዘንድ መሄዷ ምን እንዳሰኛት ስጠይቃት፣ «የራበው ሰው አለ ቤት ውስጥ» አለች።

መጋዘኑ ከጣሊያኖቹ ምሽግ ግርጌ የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ሹሙ የእህል ብናኝ እያሳለው ሁልጊዜ መሐረብ አፉ ላይ የሚይዝ ጣሊያን ነበር። አስተርጓሚው ሙላቴ ይባላል፤ ከጎንደር የመጣ፣ ቋንቋውን ከሚሲዮን የተማረ ጎልማሳ። ሴቶቹን ደጅ አሰልፎ ነገራቸው።

«ሥራው ማበጠር ነው። ስንዴውና ገብሱ ከየአገሩ እንዳለ ነው የሚመጣው። ምርቱ ወደ መጋዘን ይገባል። ግርዱን እናንተ ትወስዳላችሁ። ደመወዛችሁ እሱ ነው።»

ሹሙ አንድ ነገር ጠየቀው። ሙላቴ ጭንቅላቱን አከከና ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ግርድ ምንድን ነው ይላሉ።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ግርድ ግርድ ነዋ!» አለች አንዷ። ሳቁ።

ከድጃ ወደ ፊት ወጣች። የሸማኔ ሚስት ነች፤ ባሏ ታሞ ከተኛ ሰንብቷል፣ ክርም ከገበያ ጠፍቷል። «ገለባው በነፋስ ከሄደ፣ እብቁም ከወጣ በኋላ ሰፌድ ላይ ሲንገዋለል ከእህሉ የሚለየው ነው በላቸው። ያልተፈለፈለው ራስ አለ፣ የጨነገፈው ፍሬ አለ፣ እንክርዳድ አለ፣ ጠጠርም አለ።»

«የማይፈለገው ማለት ነው?»

«ለፈለገውማ ይፈለጋል» አለች ከድጃ።

ሙላቴ ጥቂት አሰበና ለሹሙ በአንድ ቃል ነገረው። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ በዚያው አለቀ፤ ሴቶቹም ቁጭ ብለው ማበጠር ጀመሩ።

በእኛ አገር አፍ ከእህል የሚወጣ ነገር ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ገለባው የከብት ነው፣ ለምርጊት ጭቃም ይገባል። አተላው ለላም ይደፋል። ከወለል ተጠርጎ የሚጣለው ደግሞ ጥራጊ ይባላል፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። ግርድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በደህናው ዘመን ለዶሮ ይበተናል፤ ሲቸግር ግን ሰው ተመልሶ ይቀመጥበታል፣ ይለቅመዋል፣ ዳግመኛ ያንገዋልለዋል። ሙላቴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በጣሊያንኛ የሚሆን ቃል ነው ያጣው። ከድጃ እንደነገረችኝ ያን ቀን ለሹሙ የነገረው ቃል ጥራጊ ማለት ነበር።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ብናኙ ነው የሚገድለው። ሴቶቹ ጥርሳቸው ሳይቀር እህል እህል ይል ነበር። ፈንታነሽ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከማንም ጋር አታወራም። ሰፌዱን የምትነቀንቅበት እጇ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማንም ለማንም ሳይናገር ሴቶቹ ሁሉ አነቀናነቃቸውን አለዘቡት፤ ደህናው ፍሬም ጥቂት ጥቂት ከግርዱ ጋር ማምለጥ ጀመረ። ሹሙ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ሰፌዱ ጎንበስ ብሎ አያይም።

ማታ ማታ ፈንታነሽ ግርዱን ቤቷ ታዘረግፍና ከእማማ አሰለፈች ጋር ይለቅሙታል። በመጀመሪያው ሰሞን እንክርዳዱን አጥርተው ስላላወጡት እማማ ቂጣውን በልተው ሲነሡ ምሰሶውን ተደገፉ። «ቤቱ ዞረብኝ፤ ጠላ የጠጣሁ መሰልኩ እኮ!» አሉና እዚያው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንክርዳዱን አንድ በአንድ ያወጡት ጀመር።

እማማ አሰለፈች ስለ ልጃቸው አያነሡም ነበር። አንድ ጠዋት ግን እሳት እያያያዙ፣ «የልጄ ተዝካር መውጣት አለበት» አሉ።

«በምን?» አለች ፈንታነሽ።

እማማ እሳቱ ላይ ጭራሮ ጨመሩ። ፈንታነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚለቅሙት ደህና ደህናውን ፍሬ እየመረጠች በአሮጌ አቁማዳ ማጠራቀም ያዘች። ለማንም አልተናገረችም። አማቷ አቁማዳውን ከመደቡ ሥር ያገኙት ሲጠርጉ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለተዝካሩ ነው።»

«ከዚያ ከመጋዘኑ የመጣው?»

«አዎ።»

እማማ አቁማዳውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ልጄን የገደሉት ሰዎች የጣሉትን ግርድ ነው ለነፍሱ የምታበዪለት? ዶሮ የሚጭረውን?»

«እማማ፣ ሌላ እህል የለንም።»

«ከሌለ ይቅር! ደምሴን በግርድ አላስበውም። እንዲያው ባዶ ውኃ አቀርባለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። ፈንታነሽ አቁማዳውን ወደ ቦታው መለሰችው። በማግስቱም ጨመረችበት። ለምን እንደቀጠለች ስጠይቃት፣ «የጀመርኩት ሥራ ነዋ» አለችኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ በጦር ሰፈሩ ተስቦ ገባ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ተኙ፤ ሞቱም። ከጎንደር የመጣ ሐኪም ምሽጉን ዞሮ አየና በምሽጉ ውስጥ ያለ ጥራጊ ሁሉ በየቀኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንዲቃጠል አዘዘ። ትእዛዙ መጋዘኑም ደረሰ። ሹሙ በሱ ቋንቋ ግርዱን የሚያውቀው በዚያው ቃል ነው፤ ጥራጊ የተባለ ሁሉ ይቃጠል ከተባለ ግርዱም ይቃጠላል። ክፋት አልነበረውም ትላለች ፈንታነሽ። የታዘዘውን አደረገ።

ከቀትር በኋላ ነበር። ሴቶቹ የቀኑን ሥራ ጨርሰው ግርዱን በየጨርቃቸው ሊቋጥሩ ሲሉ አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች መጡና ክምሩን በጆንያ እየዛቁ መውሰድ ጀመሩ።

«ኧረ የኛ ነው! ወዴት ነው?» ብላ ከድጃ ጮኸች።

ሙላቴ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። «ትእዛዝ ነው፤ ጥራጊ ሁሉ ይቃጠላል ተብሏል።»

«ጥራጊ ማን አለህ? ግርድ ነው! ደመወዛችሁ ነው ያልከን አንተ አይደለህም?»

ሙላቴ ሴቶቹን አየ፣ ክምሩን አየ። የራሱ ቃል ምን እንዳመጣ ያኔ ነው የገባው። ወደ ሹሙ ሄዶ በጣሊያንኛ መናገር ጀመረ፤ ሹሙ እያሳለ በእጁ ይመልሰዋል። ጆንያዎቹ በዚህ መሀል ጉድጓዱ ውስጥ ተዘረገፉ። እሳቱ አስቀድሞ እየነደደ ነበር። ግርዱ ሲወድቅበት ጭሱ ነጭ ሆነ፤ ቀጥሎ የተቆላ እህል ሽታ መጣ። ሴቶቹ ጩኸታቸውን አቆሙ። በዚያ ረሃብ ላይ ያን ሽታ ማሽተት፣ አለችኝ ከድጃ፣ ከዱላ የባሰ ነበር።

ፈንታነሽ ከጥጓ ተነሣች። አልሮጠችም። ሰፌዷን እንደያዘች በአስካሪዎቹ መሀል አለፈች፤ ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ስለመሰለቻቸው አንዱም አልከለከላትም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከችና ሁለት እጇን እሳቱ ውስጥ ከትታ መዛቅ ጀመረች። የሚጨሰውን ፍሬ በእፍኟ እያወጣች ሰፌዱ ላይ ትጥለዋለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትዝቃለች። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም ነበር ትላለች ከድጃ፤ ከሊጥ ዕቃ ሊጥ የምታወጣ ነበር የምትመስለው። አንድ አስካሪ በአለንጋ ጀርባዋን መታት። ዞር ብላም አላየችው። ደግሞ መታት። ሰፌዱ ሲሞላ ተነሣችና ይዛው ሄደች። ከድጃ ተከትላት ሮጠች።

«እጅሽ! ያ ረቢ፣ እጅሽን እይ እንጂ!»

ፈንታነሽ አየችው። የቆዳው ላይኛ ክፍል ተልጦ ተንጠልጥሏል።

«አያመኝም» አለቻት።

ከድጃ ቤቷ አስገብታ ማር ቀባቻት፣ በባሏ የሸማ ቁራጭ ጠቀለለችላት። ሕመሙ የመጣው በማግስቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ነበር ብላኛለች።

ቤት ስትደርስ እማማ አሰለፈች ደጃፉ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያ ሰፌዱን አዩ፤ ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ቡናማ ሆኗል፣ አመድም ተቀላቅሎበታል። ቀጥለው የተጠቀለሉትን እጆች አዩ። ከድጃ የሆነውን ነገረቻቸው። እማማ ሰፌዱን ተቀብለው ገቡ፤ ብርሃን ወዳለበት ይዘውት ተቀመጡና አመዱን እፍ እያሉ መልቀም ጀመሩ። ከሰል የሆነውን ወደ አንድ ጎን፣ የተቆላውን ወደ ሌላ ጎን። እስኪመሽ አልተነሡም።

«ለአሻሮ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «አሻሮም ቢሆን ተቆልቶ ነው የሚፈጨው። ጠላው ጠቆር ይላል እንጂ።»

«ይቅር ብለው አልነበረም?» አለች ፈንታነሽ።

«ብያለሁ። አቁማዳውን አምጪው፤ ያንንም ለዳቦ እናድርገው።» የተለቀመውን ወደ ጎን አደረጉና፣ «እጅሽን አምጪ ልየው» አሉ። ፈንታነሽ ሰጠቻቸው። ጨርቁን ሳይፈቱት ጭናቸው ላይ አኑረው ያዙት። እማማ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ፈንታነሽ እንባው በጨርቁ ላይ ሲወርድ ታየው ነበር፤ አብሬያቸው ላለቅስ ይገባኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ማሰቡን ብቻ አሰበች።

ከድጃ ጠዋት ተመልሳ መጋዘን ስትሄድ ሙላቴን በሩ ላይ አገኘችው። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር።

«ሌላ ቃል ነገርኳቸው» አላት። «የበቅሎ መኖ ነው አልኩ። ማቃጠሉ ቀርቷል።»

«ታዲያ ለኛ ይሰጠናል?»

«ግማሹን ለበቅሎዎቹ ይወስዱታል። ግማሹን እናንተ። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።»

ከድጃ ልትሰድበው አስባ ነበር፤ ተወችው። «ቃሉ ላይገኝማ ይችላል» አለችኝ ስታጫውተኝ። «እኔስ በምን ቃል እነግራቸው ነበር?»

የነፍስ አባታቸው መምሬ አያሌው ናቸው። እማማ አሰለፈች ሄደው እህሉ ከየት እንደመጣ ሳይደብቁ ነገሯቸውና ለተዝካር ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። መምሬ አያሌው እህል መሆኑን ብቻ ጠየቁ፤ እህል ነው ሲሏቸው፣ «እንግዲያው ጥመቁ» አሉ። ተዝካር ነው ማለት ስለማይቻል ጥር ላይ የሚካኤል ዝክር ነው ተብሎ ጎረቤት ተጠራ። ጠላው እንደተባለው ጠቆር ብሎ ወጣ፤ የጭስ ጣዕም ነበረው። ዳቦው አንድ ነው፣ ትንሽ። ከጠጪዎቹ መሀል ለጣሊያን ያደረ አንድ ጎረቤት ሳይጠራ ገብቶ ተቀመጠ። ጠላ ተቀዳለት። ሰውየው ዋንጫውን አጋመሰና፣ «ምን ደስታ አገኛችሁ?» አለ።

«የሚካኤል ዝክር ነው፤ ጠጣ» አሉት እማማ አሰለፈች።

መምሬ አያሌው ጸሎቱን በግዕዝ አደረሱ። ደምሴን በዓለም ስሙ አልጠሩትም፤ በክርስትና ስሙ፣ ወልደ ገብርኤል ብለው፣ ከሌሎች ስሞች መሀል አስገብተው አሳረጉት። የሚያውቀው አወቀ። ያ ጎረቤት ስሙ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ዝም አለ፤ የጠላውን መጥቆር ብቻ አንሥቶ ተሰናብቶ ሄደ። ፈንታነሽ እጇ እንደተጠቀለለ በክርኗና በደረቷ እያገዘች እንስራውን እያዘነበለች ትቀዳ ነበር። ሲያበቃ ዋንጫዎቹን ሰበሰበች። የባሏ ነፍስ ታሰበች፤ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ፤ እሷም ደክሟት ተኛች።

እጇ ሲሽር ወደ መጋዘኑ ተመለሰች፤ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እዚያው ሠራች። በ1933 ክረምት ከተማው ነጻ ሲወጣ ሴቶች በየሜዳው ወጥተው ሳያለቅሱለት የቀረውን ሁሉ አለቀሱ። ለደምሴም ድንኳን ተተከለ። ጥቂት ሰዎች የጣሊያንን እህል የበላች ሴት እንዴት መሀል ትቀመጣለች ብለው አጉረመረሙ። እማማ አሰለፈች ተነሥተው፣ «የበላሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ተናገሩኝ» አሏቸው፤ ማንም አልተናገራቸውም። ፈንታነሽ መሀል ተቀምጣ ሙሾውን ሰማች። ሰው እንዲያለቅስ ሲገፋፏት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ከነጠላው ሥር ምን እንደነበር አልጠየቅኋትም።

መሬቱን የሚያርስላቸው ስላልነበረ በዓመቱ እማማን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ወደ ገሳይ መጣች። እማማ አሰለፈች እዚያው አርጅተው ሞቱ። ፈንታነሽ ባል አላገባችም። ጣቶቿ ስለማይታጠፉ ጥጥ መፍተል አልቻለችም፤ በግ ታረባ ነበር። ደግ ነበረች፤ ሲያመን ታስታምመናለች፣ ስናጠፋ አትመታንም። አቅፋን ግን አታውቅም።

በገብስ አጨዳ ሰሞን ታመመችና ብዙ ሳትሰቃይ ዐረፈች። ከድጃ አርጅታ፣ በትር ይዛ፣ ከደብረ ታቦር በእግሯ መጣች። ቀብሩ እስኪፈጸም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ስንመለስ ከኋላችን ተከትላ ቤት ገባች፤ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ሰነበተች።